የእንጨት ዕቃን አለስልሶ ስለ መቀባት

በመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅ ከመጽሐፉ ይልቅ ዘወትር የሚነካው ነገር ቢኖር የሚቀመጥበት ወንበርና የሚጽፍበት ጠረጴዛ ነው። ገጹ ሸካራ የሆነ እንደ ሆነ ስንጥሩ እጁን ይወጋዋል፤ ልብሱን ይቀድበታል፤ እርሳሱም በደብተሩ ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድለትም። ቀለሙ ያልደረቀ እንደ ሆነ ልብሱ ከመቀመጫው ጋራ ይጣበቃል። በቀለሙ ውስጥ መርዝ ያለበት እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ልብስን አልፎ እስከ ልጁ አእምሮ ይደርሳል። ስለዚህ በመንደር አናጢ፥ በመምህር ወይም በአባቶች እጅ የተሠራውን የእንጨት ዕቃ እንዴት አለስልሶ መቀባት እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን። የምንናገረውም ለቦንጋና ለካፋ ዞን ወረዳዎች እንዲስማማ አድርገን ነው፤ በደረቅ አገር የሚሠራው ሥርዐት በዚህ ርጥብ አገር ሁልጊዜ አይሠራምና።

ስለ ጊዜው

ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ብዙውን ጊዜ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል፤ በቀሩትም ወራት ቢሆን ጉሙ ከደኑና ከወንዙ ሸለቆ ተነሥቶ እስከ ረፋድ ድረስ በኮረብታው ላይ ይተኛል። የጫካ ቡናን አብቅሎ የሚያኖረው ይህ ርጥበት ለቀለም ጠላት ነው። እንጨት ከአየሩ ውሃ ይጠጣል፤ አየሩም ሲደርቅ የጠጣውን ይተፋል። በጠጣ ጊዜ ይነፋል፤ በተፋ ጊዜ ይሟሽሻል። ርጥብ ሳለ የተቀባ እንጨት ውሃውን ሊተፋ ሲል ቀለሙ ስለሚዘጋበት፥ ያ ውሃ ቀለሙን ከበታቹ እየገፋ እንደ ቃጠሎ ቍስል ያቈረዋል፤ ኋላም ይልጠዋል።

በዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። የትምህርት ቤት ዕቃ የሚታደሰው ልጆች በሌሉበት ወራት፥ ይኸውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለመምህሩ የሚመቸው ጊዜ ለቀለሙ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ሁኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው በወጣትነቱ በአንድ ትምህርት ቤት ሳለ በነሐሴ መጨረሻ ብዙ ዴስኮች ቀብቶ፥ በእጅ ሲነኩ የደረቁ መስለውት በመስከረም ለተማሪዎች ሰጠ። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ከመቀመጫቸው ሲነሡ የሱሪያቸው ሽመና በቀለሙ ላይ ታትሞ ቀረ። አንዲት እናት ለዘመን መለወጫ ያሰፉትን የልጃቸውን ቀሚስ ይዘው መጥተው ተቈጡ፤ ቍጣቸውም የተገባ ነበር።

እንግዲህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይሻላል። የተሰበረውን መጠገን፥ የላላውን መገጣጠም፥ ጣውላውን መላግና ማለስለስ በክረምት ከጣራ በታች ሊሠራ ይችላል። መቀባቱ ግን እስከ በጋ ይቈይ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ፥ በተለይም በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፥ ጥቂት ዴስኮችን በተራ እያወጡ መቀባት ሁሉን በአንድ ጊዜ በክረምት ከመቀባት እጅግ ይበልጣል። ያልተቀባ ግን የለሰለሰ ዴስክ ለአንድ መንፈቅ ቢያገለግል ምንም አይጐዳም።

ስለ እንጨቱ

የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ የሰውና የተፈጥሮ መኖሪያ ሁኖ በዓለም መዝገብ ተጽፏል። ስፋቱም ከ700 ሺ ሄክታር በላይ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ዋንዛን፥ ዝግባን፥ ኮሶንና የአገራችንን ጥድ ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበር። ኋላም ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተውበታል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ለዴስክ ብሎ ዛፍ ከመቍረጡ በፊት የወረዳውን የደን ሹሞች መጠየቅ አለበት። ዛፉ በሰው ጓሮ የተተከለ ቢሆንም መጠየቁ አይጐዳም።

ለሚቀባ ዕቃ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው በሰው እጅ የተተከለ ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ይጣመማልም፤ ስለዚህ በጣም የደረቀውን መምረጥ ያሻል። በየጓሮው ለጥላ የሚተከለው ግራቪሊያ ለመላግ ቀላል ነው፤ ቀለምንም በደኅና ይቀበላል። ብሳና ነጭና ለስላሳ ነው፤ ዳሩ ግን ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል። ለዴስክ እግር አይበጅም፤ ለመደርደሪያ ግን ይሆናል።

ዋንዛን በቀለም መሸፈን የሚወድ ሰው አለ። የራሱ መልክ እንዲህ ያማረውን እንጨት በአረንጓዴ ቀለም መሸፈን ሐር ልብስ ለብሶ በላዩ ጆንያ እንደ መደረብ ይቈጠራል። ዋንዛ በእጅ የገባ እንደ ሆነ በተልባ ዘይትና በሰም መወልወል ይበቃዋል። ሰሙም በካፋ አይጠፋም፤ ማር ባለበት አገር ሰም አለና። አንድ እጅ ሰም በሦስት እጅ የተልባ ዘይት ውስጥ፥ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀልጦ ይዋሐዳል፤ በቀጥታ በእሳት ላይ ማቅለጥ ግን አደጋ አለው። ሰም የነካው እንጨት ከዚያ ወዲያ ቀለም እንደማይቀበል ማወቅ ይገባል፤ ቀለሙ በላዩ ላይ ይንሸራተታልና። ስለዚህ ይቀባ ወይስ ይወልወል የሚለው አስቀድሞ ይወሰን።

የተጋዘውን ጣውላ ለማድረቅ ከመሬት ግማሽ ክንድ ያህል ከፍ ባለ ቦታ፥ ጣራ ባለበት፥ ነፋስ ግን በሚያገኘው አኳኋን በደርብ በደርብ መደርደር ነው። በየደርቡም መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች በአግድም ይገባሉ፤ እነዚህም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ፤ አለዚያ ጣውላው እየጐበጠ ይደርቃል። በተቈረጡት ጫፎች ላይ ትርፍ ቀለም መቀባት መሰንጠቅን ይቀንሳል፤ ውሃው በጫፍ በኩል ከጐኑ ይልቅ ፈጥኖ ይወጣልና። አናጢዎች አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ አንድ ዓመት ይድረቅ ይላሉ። በካፋ ከዚህ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

መድረቁን ለማወቅ በግምት መሄድ አያስፈልግም። ከጣውላው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ቍራጭ ወስዶ ስሙን ጽፎበት፥ በሳምንት በሳምንት በቡና ነጋዴ ሚዛን ማስመዘን ነው። ክብደቱ እየቀነሰ ሂዶ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሳይቀንስ አንድ ዓይነት ሁኖ የቈየ እንደ ሆነ፥ እንጨቱ በዚያ አገር አየር ሊደርቅ የሚችለውን ያህል ደርቋል። መምህሩ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እያስጻፈ ለሒሳብ ትምህርት ሊያውለው ይችላል።

በየቤቱ ከምድጃ በላይ ባለው ቆጥ ላይ እንጨት ማድረቅ የቆየ ልማድ ነው፤ መልካም ልማድም ነው፤ ጢሱ ተባዩን ያርቃል። ነገር ግን ጥላሸቱና ከወጥ የሚነሣው ቅባት በገጹ ላይ ስለሚጋገር ያ ሁሉ በመላጊያ ካልተነሣ በቀር ቀለም አይይዝበትም።

ስለ ማለስለስ

ቀለም ሸካራን ይሸፍናል የሚል ሐሳብ ስሕተት ነው። እንዲያውም የሚያብለጨልጭ ቀለም ዐይን ያላየውን ጕድፍ ሁሉ ያወጣዋል። ስለዚህ ከሥራው ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠው ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት የሚፈጸም ነው።

መጀመሪያ በደኅና በተሳለ መላጊያ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ መላግ ይገባል። መላጊያው ጅማቱን እየነቀለ የተነሣ እንደ ሆነ ጣውላውን አዙሮ ከሌላው ጫፍ መጀመር ነው። ጅማቱ ወዲያና ወዲህ በሚሄድበት በጉጥ አጠገብ መላጊያ አይረዳም፤ እዚያ በተሰበረ የመስኮት መስተዋት ስለታም ጫፍ ማለዘብ ይቻላል፤ መስተዋቱንም በወፍራም ጨርቅ ይዞ በሁለት እጅ ወደ ራስ መጐተት ነው። ይህን ልጆች እንዳይሠሩት።

ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። በጀርባው የተጻፈው ቍጥር ሲበዛ አሸዋው የደቀቀ ነው። በ80 ተጀምሮ፥ በ120 ተቀጥሎ፥ በ180 ይፈጸማል። ከ80 በቀጥታ ወደ 180 የዘለለ ሰው ወረቀቱንም ጕልበቱንም ያባክናል፤ የደቀቀው ወረቀት በሸካራው ወረቀት የተጫረውን ሊያነሣ አይችልምና። ወረቀቱ በእጅ ብቻ ሳይያዝ በመዳፍ ልክ በሆነ ድፍን እንጨት ላይ ይጠቅለል፤ በጣት ብቻ የተፋቀ ገጽ ይጐደጕዳል። መፋቁም ሁልጊዜ በጅማቱ አንጻር ይሁን። በአግድም የተጫረ መስመር ሦስት ቅብ ከተቀባ በኋላ እንኳ ይታያል።

የብርጭቆ ወረቀት በማይገኝበት ገጠር ከደኑ የሚገኝ አንድ ነገር አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ከሚበቅሉት የሾላ ወገኖች አንዱ፥ በሳይንስ ስሙ ፊኩስ ኤግዛስፔራታ የሚባለው፥ ቅጠሉ እንደ ሞረድ ሸካራ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሰዎች በዚህ ቅጠል እንጨት ይወለውላሉ። ለመጀመሪያው ፍቀት አይበቃም፤ ለመጨረሻው ልስላሴ ግን ይረዳል።

አሁን ብዙዎች የሚተዉት አንድ ሥራ ይቀራል። የለሰለሰውን ገጽ በርጥብ ጨርቅ በስሱ ማበስና ማድረቅ ነው። ከደረቀ በኋላ መዳፍን ቢያሳልፉበት እንደ አዲስ ሸክሮ ይገኛል፤ የተጨፈለቁት ጥቃቅን ጅማቶች ውሃ ሲነካቸው ይነሣሉና። እነዚህን በደቀቀው ወረቀት በስሱ መፋቅ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ጅማቶቹን የመጀመሪያው ቀለም ያስነሣበታል፤ ቀለሙ መጥፎ ነው ብሎም ነጋዴውን ይወቅሳል። ልስላሴውንም ለመመርመር ጣውላውን ወደ ማታ በአግድም በሚመጣ የፀሐይ ብርሃን ማየት ይሻላል፤ በቀትር የማይታየው ጐድጓዳ በዚያ ሰዓት ጥላ ይጥላል።

መነሻ ቅብና ስቱኮ

የምስማር ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ ይደፈናል። ይህን ሥራ ሰዎች የሚሳሳቱበት በቅደም ተከተሉ ነው። ስቱኮው በነጩ እንጨት ላይ የተደረገ እንደ ሆነ እንጨቱ ዘይቱን ይመጠዋል፤ የቀረው ዱቄት ደግሞ ደርቆ ይወድቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ቀጭን መነሻ ቅብ ይቀባል፤ እርሱ ሲደርቅ ስቱኮው ይሞላል፤ ስቱኮው ሲደርቅ ይፋቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ቅብ ይቀጥላል። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚጐድል ከገጹ ጥቂት ከፍ አድርጎ መሙላት ያስፈልጋል።

ስቱኮ የሚገዛበት ገንዘብ የጠፋ እንደ ሆነ በትምህርት ቤት የሚወድቀውን የጠመኔ ስብርባሪ አድቅቆና ነፍቶ፥ በተልባ ዘይት እንደ ሊጥ ማሸት ነው። በእጅ መጣበቁን ሲተው ደርሷል። ለሰፊ ስንጥቅ ግን ሰጋቱራን በኮላ ለውሶ መድፈን ይበረታል።

በእንጨትና በቀለም መካከል ነጭ መሠረት የማድረግ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል በእንጨት ገበታ ላይ ሥሏል። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ገበታውን አለስልሰው፥ ነጭ መሠረት ቀብተው፥ በዚያ ላይ ቀለማቸውን ያኖሩ ነበር። ዛሬ ጀሶ የምንለው ቃል ከጣሊያን ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሥራው ግን ከቃሉ በፊት በአገራችን ነበር። ነገር ግን በኮላ የተለወሰ ጀሶ ርጥበት ሲያገኘው ስለሚለሰልስ፥ በካፋ ለዴስክ በዘይት የተለወሰው ይሻላል።

ስለ ቀለሙ

ማናቸውም ቀለም ከሦስት ነገር የተሠራ ነው፤ መልክ ከሚሰጠው ዱቄት፥ ዱቄቱን ከእንጨቱ ጋራ ከሚያያይዘው ማሰሪያ፥ ለመቀባት ከሚያቀጥነው ፈሳሽ። ማቅጠኛው ተንኖ ይሄዳል። ማሰሪያው ግን በዘይት ቀለም ውስጥ አይተንንም፤ ከአየሩ ኦክሲጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ። የዘይት ቀለም ደረቀ ስንል እንደ ልብስ ውሃው ጠፋ ማለታችን አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ጠንካራ ቆዳ ተለወጠ ማለታችን ነው። ለዚህ ነው ቀለም የተቀባ ዕቃ በተዘጋ ክፍል ሲታጐር የማይደርቀው።

ይህን የሚችለው ዘይት ሁሉ አይደለም። መምህሩ በሦስት የመስተዋት ቍራጮች ላይ የተልባ ዘይት፥ የኑግ ዘይትና የቀለጠ ቅቤ በስሱ ቀብቶ በመስኮት አጠገብ ቢያስቀምጥ፥ ልጆች ልዩነቱን በዐይናቸው ያያሉ። ተልባው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቆዳ ያወጣል፤ ኑጉ ይዘገያል፤ ቅቤው መቼም ቅቤ ሁኖ ይቀራል። በቅቤ እጅ የተነካ ጣውላ ቀለም የማይደርቅበት ስለዚህ ነው። ከሥራ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ቀለም መግዛት ያልቻለ መንደር ከቀይ አፈሩ ቀለም ሊያወጣ ይችላል። ቀይ አፈርን በባልዲ ውሃ በጥብጦ ጥቂት ደቂቃ ማቈየት ነው፤ አሸዋው ይወርዳል። ድፍርሱን ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ እስከ ማግሥቱ ያቈዩታል፤ ከሥሩ የሚቀረውን የላመ ጭቃ አድርቆ፥ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ከተልባ ዘይት ጋራ መፍጨት ነው። ዘይቱን አስቀድሞ ዝርግ በሆነ ሳሕን አድርጎ፥ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ላይ ማቈየት ይወፍረዋል፤ ማድረቁንም ያፋጥነዋል። ጡብ የመሰለ የረጋ ቀይ ይወጣዋል። በገበያ እንዳለው ቀለም አያብለጨልጭም፤ ለመደርደሪያና ለሣጥን ግን እናመሰግነዋለን።

ስለ ተልባ ዘይት አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ዘይቱ ከአየር ጋራ ሲዋሐድ ሙቀት ይሰጣል። በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ወይም ተከምሮ የተጣለ እንደ ሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ፥ ማንም እሳት ሳያስነካው በራሱ ሊነድድ ይችላል። በሣር ክዳን ቤት ይህ ምን እንደሚያደርስ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ጨርቁ ሁሉ ሥራው እንዳለቀ በውሃ ውስጥ ይነከር፤ አለዚያም አንድ በአንድ በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ቀለሙ የወፈረ እንደ ሆነ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማቅጠኛ ብቻ መጨመር ይገባል። አንዳንዶች ነጭ ጋዝ ይጨምራሉ፤ ርካሽ ነውና። ዳሩ ግን ነጭ ጋዝ በቶሎ አይተንንም፤ በቀለሙ ውስጥ ቅባት ይተዋል፤ ከዚያም ዴስኩ ወር ሙሉ ይጣበቃል። ቤንዚን ግን ከቶ አይነካ።

ስለ እርሳስ መርዝ

እርሳስ የሚባለው ማዕድን ከጥንት ጀምሮ ቀለም እንዲደምቅ፥ ቶሎ እንዲደርቅና ርጥበት እንዲችል በቀለም ውስጥ ሲጨመር የኖረ ነው። ይልቁንም ብጫ፥ ብርቱካንማና ቀይ ቀለም ብዙ ያለበት ሁኖ ይገኛል። ጉዳቱም የታወቀው ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ጉባኤ ነጭ እርሳስ ለቤት ውስጥ ቀለም እንዳይውል የሚከለክል ስምምነት አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አልታወቀም ይላል። እርሳስ ወደ ልጅ ሰውነት የገባ እንደ ሆነ አእምሮው በሚያድግበት ጊዜ ያደክመዋል፤ መማርንና በአንድ ነገር ላይ ልብ ማድረግን ይከለክለዋል። መምህሩ ሰነፍ የሚለው ልጅ አንዳንድ ጊዜ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። የተጐዳው አእምሮ ደግሞ ተመልሶ አይድንም።

በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቍጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ ቀለም ሲገዛ እርሳስ የሌለበት መሆኑ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈበትን መፈለግ፥ ስምና የተሠራበት ዘመን የሌለበትን፥ በኪሎ ተቀንሶ የሚሸጠውን መተው ይገባል።

የሚያስፈራው ግን አዲሱ ቀለም ሳይሆን በቆየው ዴስክ ላይ ያለው ነው። ያ ቀለም እርሳስ ይኑረው አይኑረው በዐይን አይለይም። በደረቁ የተፋቀ እንደ ሆነ አቧራው በክፍሉ ውስጥ ይበንናል፤ በወለሉም ላይ ይቀራል፤ ልጅ እጁን ወደ አፉ በወሰደ ቍጥር ይበላዋል። በእጅ ሥራ ትምህርት ስም ተማሪዎችን አሰልፎ የድሮ ዴስክ ማስፋቅ በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። ይህ መቅረት አለበት። መምህሩ ሌላውን ምክራችንን ሁሉ ቢተው ይህን አንዱን እንዳይተው እንለምነዋለን።

የቀድሞው ቀለም ያልተላጠ እንደ ሆነ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አያሻም። በሳሙናና በውሃ አጥቦ፥ ውሃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ብልጭታው እስኪጠፋ ብቻ በስሱ ማሸት፥ ዝቃጩንም በጨርቅ መሰብሰብ፥ ሲደርቅ በላዩ መቀባት ነው። የተላጠ እንደ ሆነ የተላጠውን ብቻ በርጥቡ ማንሣት ይገባል። ሥራው ልጆች በሌሉበት፥ ከውሃ ጕድጓድና ከጓሮ አትክልት ርቆ፥ በዐዋቂ ሰው እጅ ይሠራ፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ከምግብ በፊት እጅ ይታጠብ፤ የሥራው ልብስ ከቤተ ሰብ ልብስ ጋራ አይታጠብ። ቀለም የተቀባ ስብርባሪ እንጨትም በእልፍኝ ምድጃ አይነድድ፤ እርሳሱ በጢሱና በአመዱ ይቀራልና።

ስለ አቀባቡ

በቦንጋ ሰማይ ሥር ለመቀባት የሚመቸው ሰዓት ጉሙ ከተነሣ በኋላ፥ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ የተቀባው ሳይይዝ የማታው ጤዛ ይወርድበታል፤ ብልጭታውም ደብዝዞ ያድራል። ነፋስ በሌለበት ቀን፥ ወለሉን ውሃ ረጭቶ አቧራውን አስቀምጦ መጀመር ነው። ቡና በሚሰጣበትና በሚታሽበት ግቢ አጠገብ መቀባት ከንቱ ድካም ነው፤ ገለባው ሁሉ ቀለሙ ላይ ያርፋል።

ቀለሙን ከሥሩ ድረስ በእንጨት ማማሰል፥ ቆዳ ያወጣ እንደ ሆነም ቆዳውን ሳይበጥሱ አንሥቶ፥ የቀረውን በአሮጌ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል። ብሩሹ እስከ ሢሶው ብቻ ይነከር። አስቀድሞ ማእዘኑና መጋጠሚያው፥ ኋላ ሰፊው ገጽ ይቀባል። ቀለሙን በአግድም አዳርሶ፥ በመጨረሻ በብሩሹ ጫፍ ብቻ፥ ሳይጫኑ፥ በጅማቱ አንጻር ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዥሙ ማሳለፍ ነው። ከዚያ ወዲያ እንዳይነካ! ሊይዝ የጀመረን ቀለም ለማሳመር ተመልሶ መነካካት የጀማሪዎች ሁሉ ፈተና ነው፤ የብሩሹን መንገድ ተክሎ ያስቀራል።

መነሻው ቅብ በማቅጠኛ የሳሳ ይሁን፤ ወደ እንጨቱ ሊገባ ይገባዋልና። የጣውላው ጫፍ ብዙ ስለሚጠጣ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ቅቦች ይከተላሉ። በየመካከሉ ፈጽሞ ሲደርቅ በ220 ወረቀት በስሱ ማሸትና አቧራውን በርጥብ ጨርቅ ማንሣት ነው። የደረቀ ቀለም ሲታሸ እንደ ዱቄት ይወጣል፤ በወረቀቱ ላይ እየተንከባለለ የተጣበቀ እንደ ሆነ ገና ነው፤ ሌላ ሁለት ቀን ይጠብቁ። ሦስቱን ቀጫጭን ቅብ በአንድ ወፍራም ቅብ ለመተካት የሚቸኵል ሰው ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ የሆነ፥ እንደ ሽማግሌ ግንባር የተጨማደደ ገጽ ያገኛል።

ጥቁር ሰሌዳ ግን ሥርዐቱ ሌላ ነው። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ለሰሌዳ አይሆንም፤ ጠመኔው ይንሸራተትበታል፥ የመስኮቱም ብርሃን በላዩ እያንጸባረቀ ጽሕፈቱን ከልጆች ዐይን ይሰውረዋል። የማያብለጨልጭ የሰሌዳ ቀለም ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ ፈጽሞ የደረቀውን ጥቁር ቀለም ብልጭታው እስኪጠፋ ድረስ በደቀቀ ወረቀት በርጥቡ ማሸት ይረዳል። አዲስ የተቀባ ሰሌዳም ከመጻፉ በፊት ጠመኔን በጐኑ አጋድሞ ገጹን ሁሉ ማልበስና መጥረግ ነው። ይህ ያልተደረገበት ሰሌዳ መጀመሪያ የተጻፈበትን ቃል ለዘወትር ያሳያል።

ብሩሹ በማቅጠኛ፥ ቀጥሎም በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፥ ጠጕሩ ተስተካክሎ ወደ ታች ይሰቀል። የተረፈው ቀለም ክዳኑ በደኅና ከተገጠመ በኋላ ቆርቆሮው ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ቆዳው ከሥር ይሆናል። ዴስኩን ለልጆች ከመስጠት በፊት በማይታይ ስፍራ በአውራ ጣት ጥፍር መጫን ነው። ጥፍሩ ምልክት የተወ እንደ ሆነ ገና አልጠነከረም፤ በካፋ በበጋ ሁለት ሳምንት፥ ዝናብ በገባበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ይልቅ ሊቈይ ይችላል። እስከዚያው ዴስኮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረቡ፥ መስኮቱ ተከፍቶ ይቈዩ።